ዝም ያለው ጣሪያ

ስለ ትዳር ሰላም የማይመክር ሰው የለም፤ መቻቻል፣ መከባበር፣ መደማመጥ። ቆርቆሮን የጠቀሰ መካሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱሉልታ የከረመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እንደልቡ ያጉረመርማል፤ ሰሚ የለም፣ ስለዚህ ተቀያሚም የለም። እኔና ጫልቱ ይህን ሁሉ ዘመን ሳንጣላ የኖርነው በፍቅር ብቻ ይመስላችኋል?

ታዲያ ቆርቆሯችን ዝጎ ያፈስ ጀመርና መቀየሩ ግድ ሆነ። እኔ ሌላ ቆርቆሮ አልኩ፤ ጫልቱ የጣሪያ ሸክላ አለች። ቡራዩ ያገኘነው ነጋዴም ሸክላ በፀሐይ አይግል፣ በብርድ አይቀዘቅዝ፣ ዶፍ ቢወርድበት ኮሽ አይል እያለ አሞገሰልን። ባለቤቴ ድስት የምትገዛ ይመስል እያንዳንዱን ሸክላ በጣቷ እያንኳኳች መረጠች። እኔስ? እኔ ቀለም እንድመርጥ ተፈቀደልኝ። ቡናማ መረጥኩ፤ ቀይ ተገዛ።

ቀዩን ያስገዙት የጫልቱ አባት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ያውም ከተፍኪ፣ በስልክ። ጣሪያው እንዳለቀ ሊመርቁልን መጡ። አንጋጠው አዩና «ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» አሉ፤ መረቁ፤ ከዚያም ቆዩ። ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ጨዋታ ይወዳሉ፣ መስኮት አጠገብ ያለችውን ወንበሬንም ይወዳሉ። እኔ ደግሞ በአማቴ ፊት ክፉ ቃል ተናግሬ የማላውቅ፣ ተፍኪ ድረስ ስሜ በደግ የሚነሳ አማች ነኝ። ይህን ስም ለማቆየት ስንቱን ውጫለሁ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉን ለቀቀው። የለመደ ምላስ ጣሪያ መቀየሩን በምን ያውቃል? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እንደ ወትሮዬ ጮክ ብዬ፣ እኚህ ሰውዬ ወንበሬን ለቀው አገራቸው የሚገቡት መቼ ይሆን አልኩ።

ጣሪያው ዝም። ቤቱም ዝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይደረጋል? ጫልቱ አፈጠጠችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኦቦ ገመቹ ግን አልተቆጡም። ጣሪያውን ሲያዩ፣ እኔን ሲያዩ ቆይተው፣ የድሮው ቆርቆሮ የት እንደገባ ጠየቁኝ። ጓሮ ተደርድሯል አልኳቸው። እንግዲያው ነገ መኪና ፈልግና ጫንልኝ አሉ። ያ ዝገት ምን ያደርግልዎታል ብላቸው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሳቸው ቤት የሳር ክዳን መሆኑን፣ ሳርም እንደ ሸክላ ዝም እንደሚል፣ በዚህ ጦስ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንደልባቸው አጉረምርመው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ያፈስብዎታል ብላቸውም ያፍስ አሉ።

በማግስቱ ስቀን ተሰነባበትን፤ ወንበሬም ተመለሰችልኝ። ቆርቆሮው ሲጫን ግን ጫልቱ ደህና ደህናዎቹን መርጣ አስቀርታ ኖሯል። ለወጥ ቤቱ ጣሪያ ናቸው አለች።

ይኸው አሁን ዝናብ በመጣ ቁጥር ወጥ ቤት ትገባለች። እዚያ ምን እንደምትል አልሰማም። እኔ ግን ሳሎን ሸክላው ስር ስለሆንኩ፣ የማወራው ሁሉ ምስጋና ብቻ ሆኗል።