ያለ ጩኸት የዳነ አንገት

ወጌሻ ካላስጮኸ አያድንም የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ አጎት አለኝ። አንገታቸው ተይዞ ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ገና ሳይነኩ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ተጋደሙ።

ወጌሻዋ ግን የአራስ ልጅ ጭንቅላት እንደምትይዝ ሁሉ መዳፎቿን ከራሳቸው ሥር አስገብታ ዝም አለች።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ጀምሬያለሁ፣ ጋሼ» አለች በለሆሳስ።

ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ያንሾካሹካል። እኔ እንኳ ቆሜ የጤፍ ማሳ በነፋስ ሲተኛ ሲነሳ ይታየኝ ጀመር። አጎቴማ ጋቢው ካፋቸው ወድቆ እንደ ሕፃን አንቀላፉ።

ሲነቁ አንገታቸው ግራም ቀኝም ዞረ። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ጠቆረ። ሳያማቸው መዳናቸውን ማን ያምናቸዋል?

ደጅ ተራ የምትጠብቅ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ያዘለች እናት፣ «ምንም ጩኸት አይሰማም፤ አታውቅበትም መሰለኝ፤ ልሂድ» ስትል ሰማናት።

አጎቴ ወጌሻዋን አየት አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ኧረ አንገቴን! ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ቤቱን አናጉት።

«እሰይ፣ አሁን ገና ያዘቻቸው!» አለች እናትየዋ፤ ልጇን አውርዳ አቀፈችና ተመልሳ ቁጭ አለች።