ምሳ ሰዓት ላይ የሚያልፈው ሳተላይት

ድሮ የልጅ ሥራ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። «ልጅህ ምን ሆነች?» ሲሉህ «ነርስ» ትላለህ፤ ጠያቂው «ጎሽ» ይልና ወደ ዝናቡ ወሬ ይመለሳል። አስተማሪ፣ ሹፌር፣ ወታደር፣ ጸሐፊ፤ ሁሉም አንድ አንድ ቃል ነበሩ። አሁን ግን ልጆቻችን የሚይዙት ሥራ ሁሉ ማብራሪያ የሚፈልግ ሆኗል። የአንድ ጎረቤቴ ልጅ ኔትወርክ ነው የሚሠራው ይባላል። አባቱ ልጁ ቀኑን ሙሉ ምሰሶ ላይ የሚውል ስለሚመስለው መብረቅ በበረቀ ቁጥር ስሙን እየጠራ ያማትባል። ልጁ ግን ወንበር ላይ ነው።

ለወሬኛ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ሲሳይ ነው። እኔ ግን ቃልን እንደ ዘር እህል ቆጥቤ የማወጣ ሰው ነኝ። እንዲህ ላለ ሰው ማብራሪያ የሚፈልግ ልጅ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የምኖረው ሰሜን ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ ነው፤ ወደ ውቅሮ የሚወስደው አስፋልት ቤቶቹን ጨርሶ ማሳ መሀል የሚገባበት ቦታ። መቐለ በየዓመቱ ወደ እኔ ትጠጋለች፤ እኔ ወደ እርሷ የምሄደው ለገበያና ለልቅሶ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዘነበች የወሎ ሰው ስለሆነች ቤታችን ውስጥ አማርኛና ትግርኛ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ልጃችን ትርሓስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ጨርሳ፣ እንደገና ገብታ የምታጠናው ባሕር ነው።

ልድገመው። ባሕር። መቐለ ተቀምጣ።

እኛ ከባሕር የምናውቀው ጨውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ከአፋር በግመል ተጭኖ ሲመጣ። ትርሓስ ራሷ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። የምታየው ከሰማይ፣ በሳተላይት ዓይን ነው። አንድ እሑድ ኮምፒውተሯን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠችና አሳየችኝ። ውሃው ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ነው። አረንጓዴውና ቀዩ በባሕሩ ላይ የሚበቅል፣ አንዱን ብቻውን ዓይን የማያየው ደቃቅ ቅጠል የበዛበት ነው አለችኝ። ይህ ቅጠል ካርቦን የሚሉትን ነገር፣ ከጭስና ከመኪና ጭራ የሚወጣውን ማለት ነው፣ ከአየር እየሳበ ገላው ያደርገዋል። ትንንሽ የባሕር እንስሳት ይበሉታል፤ የተረፈውና የሞተው ወደ ታች ይሰምጣል። ከሚሰምጠው ከፊሉ ጥልቁ ውስጥ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። የእርሷ ሥራ ከላይ የውሃውን ቀለም አይቶ ታች ምን ያህል እንደሚቀመጥ መገመት ነው።

ገባኝ። ኩበት ብታነዱት ሰማይ ይሄዳል፤ ማሳ ብትጨምሩት መሬት ውስጥ ይቆያል። የባሕሩም እንደዚያው ነው። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር።

«እኛስ የት ነን?» አልኳት።

«እዚህ ጋ፣ አቦይ» ብላ፣ አባትንም ሽማግሌንም እኛ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ ጣቷን ግራጫ ላይ አሳረፈች። አፍሪካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ ተቀብቷል። ይህኛው ሳተላይት የሚፈለገው ለባሕር ስለሆነ፣ መሬቱ እንዳያደናግራቸው ይሸፍኑታል አለችኝ። ባይሸፍኑትም ሥዕሉ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻዋን ከእኔ ማሳ ብዙ እጥፍ ስለምትሰፋ በሬዬን ፈልጌ አላገኘውም። ቅር አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኩት መሬት እንደ አላስፈላጊ ነገር ተለቅልቆ ሲገኝ ደስ አይልም።

ነገሩ እስከዚህ የቤታችን ጉዳይ ነበር። ጣጣው የመጣው ባሕር ካለበት አገር ለአንድ ዓመት መጥታ እንድትማር ሲጠሯት ነው። ትርሓስ በዚያን ጊዜ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሠራ ኪሮስ ለሚባል ጨዋ ልጅ ታጭታለች፤ ሠርጉም ለጥር ታስቧል። ልጁ በበኩሉ ዓመቱን እጠብቃለሁ ብሏል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጉዳይ ሙሽራን ማን ይጠይቃል? የሚጠየቁት የልጁ አጎት አቦይ ሐድጉ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ ወይ ሠርጉ በጥር ይሁን፣ ወይ ቃላችን ይፍረስ ማለታቸውን ከመምጣታቸው በፊት ሰምተናል።

ትርሓስ ሁለቱንም ትፈልጋለች፤ ባሕሩንም ልጁንም። ቀን ሊቆርጡ ሽማግሌዎች ሲመጡ ሴት ልጅ ከመሀል ገብታ ስለማትከራከር፣ «አቦይ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ዘነበች ይህን ስትሰማ ሥራዋን አቋርጣ አየችን። «ይህን ሰው ነው የምትልኪው? ቤቱ ቢቃጠል እንኳ 'ይሞቃል' ብሎ ዝም የሚል ሰው?»

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አቦይ ሐድጉ አንድ ቄስና አንድ ዘመድ አስከትለው መጡ። በወጉ ቆሙ፤ በወጉ ተቀመጡ ተባሉ፤ በወጉ እምቢ ብለው ተቀመጡ። ስዋ፣ የእኛ ጠላ፣ ቀረበ። አቦይ ሐድጉ ከእኔ ቤት ትንሽ አለፍ ብለው የሚኖሩ፣ ብዙ በግ ያላቸውና ከበጋቸውም የሚበዛ ንግግር ያላቸው ሰው ናቸው። ጠረፍ ያለፈች ልጅ እንደማትመለስ፣ የተመለሰችም ቢሆን ምግቡን እንደምትንቅ፣ ሙሽራ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የአገር መሳቂያ እንደሚሆን በየተራው አስረዱ። ባሕሩ ራሱ እኛን ጥሎን ጨው ብቻ ትቶልን ሄዷል፤ ጥሎ የሄደን ምን ያስከትለናል አሉ። ቄሱ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ተራው ደረሰኝና ተናገርኩ። ልጄ የነገረችኝን በሙሉ ነገርኳቸው፦ ስለ ደቃቁ ቅጠል፣ ስለ ጭሱ፣ ስለሚሰምጠው፣ ስለ ኩበቱም ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ዋንጫዬን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩ።

ማንም አልተነካም። ዘመድየው ዝንብ ከዋንጫው ላይ ያባርራል። ቄሱ የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው አሉ፤ እሱን ደግሞ ያለ ሳተላይትም ያውቁት ነበር። አቦይ ሐድጉ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንግዲህ ቃል ይፍረስ ለማለት ሲዘጋጁ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«በርሄ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይህ ሳተላይት የምትለው… ባሕር ላይ ብቻ ነው የሚሄደው?»

«አይ» አልኩ፤ «ምድርን በሙሉ ይዞራል።»

«በእኛም ላይ?»

«በእኛም ላይ ያልፋል።»

«መቼ መቼ?»

«ብዙውን ጊዜ በየቀኑ።»

ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ስንት ሰዓት ላይ?»

ይህን ደግሞ ትርሓስ ነግራኛለች። «ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ።»

እዚህ ላይ ስለ ኮረብታው መናገር አለብኝ። ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ሕዛእቲ ነው፤ ማለትም እንዲያገግም ተብሎ ለእንስሳት የተከለለ። ሣሩ በመስከረም ታጭዶ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ እስከዚያ ግን በግ አይገባበትም። ጠባቂ አለው። ጠባቂው ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን ሊበላ ቤቱ ይወርዳል። ጠባቂው ምሳውን ሲበላ ደግሞ የአቦይ ሐድጉም በጎች ምሳቸውን ይበላሉ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አየሁ የሚል ግን አንድ ሰው አልተገኘም።

ቄሱ ጣሪያውን ያያሉ። ዘመድየው ዝንቧን ተዋት።

«ትርሓስ ናት እንግዲህ… የምታየው?» አሉ አቦይ ሐድጉ።

«ሥራዋ ነው» አልኩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው።

አቦይ ሐድጉ ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን አለሰለሱ። ትምህርት ታላቅ ነገር ነው አሉ። ጥር የዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ዓመትም ጥር አለው አሉ። እንዲያውም ልጅቷ ከዚህ ሆና በሩቁ ከምትቸገር ባሕሩ ዘንድ ሄዳ፣ ቀረብ ብላ፣ ባሕሩን ብቻ አተኩራ ብታይ ለሁሉም የሚበጅ ነው አሉ።

ቄሱ አላስቻላቸውም። «አቦይ ሐድጉ፣ ቅድም ጠረፍ ያለፈች አትመለስም ሲሉ አልነበረም?»

«ቅድም ሥራዋን አላወቅሁማ» አሉ። ተነሥተውም መረቁ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ መንገዷን ሁሉ የሚያቀና።

ሲወጡ ትርሓስ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች። «አቦይ፣ መሬቱ እንደሚሸፈን ለምን አልነገሯቸውም?»

«አልጠየቁኝም።»

ዘነበች ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ዝምታዬ ክፉ አልተናገረችም።

ትርሓስ በመስከረም ሄደች። ኪሮስ ሻንጣዋን እስከ አየር ማረፊያ ተሸክሞ ሸኛት። እሷ እንደሄደች የኮረብታው ሣር ሲታጨድ ወገብ ደርሶ ነበር፤ እንዲያ ሆኖ አይተነው አናውቅም። ጠባቂው ተመሰገነ፤ እሱም ምስጋናውን ምሳውን እንደሚበላ ሁሉ ረጋ ብሎ ተቀበለ። በስልክ ስነግራት ትርሓስ ሳቀችና፣ የኮረብታው ሣርም እንደ ባሕሩ ቅጠል ካርቦኑን እየሳበ ከፊሉን ከሥሩ ጋር መሬት ውስጥ ያስቀምጣል አለችኝ። እኔ ደግሞ ከብቶቼ ስለጠገቡ ደስ ብሎኛል። አቦይ ሐድጉ በተገናኘን ቁጥር ጤናዋን ይጠይቁኛል። «አሁንም ባሕሩን ነው የምታየው? ወደዚህስ ዞር ትላለች?» ይላሉ። «አንዳንዴ ትደውላለች» እላለሁ።

ዓመቱ እንዲህ አለፈና ሐምሌ ተመለሰ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እንደተለመደው ስለ ትርሓስ ጠየቁኝ። በዋዜማው ደውላ ትምህርቷ ሊያልቅ እንደሆነ፣ ለጥር እንደምትደርስ ነግራን ስለነበር ልቤ ሞልቷል። ደስታ ደግሞ አፍ ያላላል። ደህና ናት፣ አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯታል፣ ደመና ሲኖር ሳተላይቱ ምንም አያይም፣ ሥዕሉ ባዶ ሆኖ ይመጣል ትላለች አልኳቸው።

አቦይ ሐድጉ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከአድማስ እስከ አድማስ የሐምሌ ደመና ነው።

«አያይም?»

«አያይም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ለቤተሰብ ሰላም በልልኝ ብለው ወሬውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ከሽማግሌ የማይጠበቅ ፍጥነት ነበራቸው።

በማግሥቱ ማሳዬ ውስጥ ቆሜ ወደ ኮረብታው ባይ በጎቹ ሣሩ ሆዳቸው ድረስ ደርሶላቸው ረጋ ብለው ይግጣሉ። የማን እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ። ግን ጥር ቀርቧል፤ ሰውየው አማቼ ሊሆኑ ነው፤ ሠርግ ሲቃረብ አማችን በበግ የሚከስስ አባት የትም አይቼ አላውቅም። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ጤፌ ገና መዘራቱ ነው፤ መሬቱ ውሃ ይፈልጋል። ገበሬ ነኝ፤ ሐምሌ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ምነው ሰማዩ ለግማሽ ሰዓት እንኳ በጠራ ብዬ ተመኘሁ።

ደግነቱ የሰማኝ የለም። ከሰዓት በኋላ በደንብ ዘነበ።