ጋሼ ብረቱ ሮለር ኮስተር የወጡ ዕለት

በየቤተሰቡ አንድ ታሞ የማያውቅ ሰው አለ። አይታመምም ማለቴ አይደለም፤ አያምንም ማለቴ ነው። ግንባሩ ላይ እንቁላል ቢቀቀል «የአየሩ ሙቀት ነው» ይላል። የኛ ቤት ባለማዕረግ አብረውን የሚኖሩት የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጡት የሊፍት ጠጋኝ፣ ክቡር ጋሼ ብረቱ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ያጸደቁት እሳቸው።

አንድ ጊዜ መንጋጋ ጥርሳቸውን ተነቅለው ግማሽ ፊታቸው እንደ ዳቦ ተነፍቶ መጡ።

«ምነው ጋሼ?»

«ወፈርኩ» አሉ። በአንድ ጉንጭ!

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ቀን ሦስታችን መዝናኛ ፓርክ ሄድን። በጠመዝማዛ ሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወረው ሮለር ኮስተር ላይ አብሬያት እንደምወጣ ቃል ገብቼላት ነበር። ከሥሩ ቆሜ ሽቅብ ሳይ ግን «እኔ አልወጣም» አልኩ። ልጄ ፊቷ ሲጠቁር ጋሼ ብረቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

«ያዢልኝ። ሠላሳ ዓመት ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ ምንድን ነው? ተንጋዶ የተገጠመ ሊፍት!»

ቲኬት ቆራጯ የተለጠፈውን የጤና ማስጠንቀቂያ እያሳየች «አባት፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ደህና፤ ያንቺስ?» ብለዋት አለፉ።

ነገሩ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከሕፃናቱ ጩኸት ሁሉ በላይ ግን አንድ ጎርናና ድምፅ «እማዬ!» ሲል ፓርኩ በሙሉ ሰማ። ኋላ ስጠይቃቸው «ልጅቷን ላደፋፍር ብዬ ነው» አሉ።

ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሦስት ወደ ጎን ሄዱና ከቆሻሻ መጣያ ጋር ተላተሙ። «ይቅርታ እመቤቴ» አሉት።

«አዞረዎት እንዴ?»

«እኔን? መሬቱ ነው እንጂ ያልተረጋጋው!»

በማግስቱ የቤታችንን ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈው ሲያቋርጡ አገኘኋቸው። «ርጥበት እንዳለው እየፈተሽኩ ነው» አሉኝ። አንገታቸው ወደ ግራ ተጣሞ ስለቀረ ቴሌቪዥኑን አዙሬ አስቀመጥኩላቸው። ራሳቸውን በሻሽ ጠፍንገው ሲያስሩ ደግሞ «ነፋስ ገባ» አሉ፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩ ቁጥር የሚታመም ሰው ፈልጌ እንድወስድ ይመክሩኛል።

በሦስተኛው ቀን አስመለሳቸው። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ልጄ ክፍሏን ዘግታ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» እያለች ታለቅስ ጀመር። ምሳ አልበላም አለች፤ ብለምናትም አልከፈተችም።

ጋሼ ብረቱ ልቅሶውን ሰሙ። ግድግዳውን ይዘው በሯ ድረስ መጡና በቀስታ አንኳኩ።

«ነይ ውጪ። ታምሜያለሁ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።»

እንዲህ ሲሉ በዕድሜዬ ሰምቻቸው አላውቅም። ልጄ በሩን በርግዳ ወጣች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ምን ይሰማዎታል አባቴ?» አለቻቸው። ልጄን አየት አደረጉና ጀመሩ፤ ያዞራቸዋል፣ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ አንገታቸው አልዞር ብሏል። ግድቡ አንዴ ከተደረመሰ ማን ያቆመዋል? ጉልበታቸው፣ ወገባቸው፣ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የሚያሳክካቸው የግራ ተረከዝ… ሐኪሟ ሁለተኛ ወረቀት ወሰደች።

ራስ ምታቱ ትውከት ስለጨመረበት ዝም አይባልም ብላ የጭንቅላታቸውን ምስል በመሣሪያ አስነሳች። እኔና ልጄ ውጤቱ እስኪመጣ በሩ ላይ ጠበቅን። ተመስገን፣ ደህና ነበር። በጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ተናግቷል፣ የአንገታቸው ጡንቻም ተጎድቷል። መድኃኒት፣ ዕረፍት፤ እንዲህ ያለ መሳፈሪያ ደግሞ ዳግመኛ እንዳያዩ።

«ሰማሽ?» አሏት ልጄን። «ያረጀ ጆሮ ነው ጥፋተኛው። አንቺ የለሽበትም።»

ልጄ እጃቸውን ስማ አልለቅም አለች።

በታክሲ ስንመለስ መሐላችን ተቀምጠው አንቀላፉ። ያ ከባድ ራስ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሷን የሚመስል ፊት የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፤ እንዲህ በቅርበት አይቼው አላውቅም። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ አልተነቃነቅኩም።

«ደርሰናል» አለ ሹፌሩ።

«ወንድሜ፣ አንዴ ሰፈሩን ዞር አድርገን» አልኩት በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ ታዲያ።»