የአቶ ኦርሊን መሬት

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የጀመረውን የማይጨርስ ሰነፍ ሳይሆን፣ ያለቀውን ነገር አለቀ ብሎ የማያምን። ቤቱን ቀብቶ በጨረሰ ማግስት ግድግዳው ወይቧል ብሎ እንደገና የሚጀምር፣ እንግዳ ጠርቶ በሩ ላይ ቆሞ "አሁን አትግቡ" የሚል። በእኛ በሃርዊክ፣ በሰሜን ዳኮታ ሜዳ መሀል፣ ይህ ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የአቶ ኦርሊን ሃውግስታድ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች አለን። ሥራችን ትንሽዬ ባቡር ነው። ሐዲዱ ሳይነቀል፣ ጣቢያውም ሳይፈርስ የነበረችውን ከተማችንን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ መልሰን እየሠራናት ነው፤ የእህል ጎተራው የፔርሙስ ያህል ነው፣ ሰዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ሕንፃዎቹን ሌሎቻችን ተከፋፈልን። መሬቱ፣ ማለትም አስፋልቱ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ ሣሩና አረሙ ግን የክቡርነታቸው የአቶ ኦርሊን ግዛት ሆነ።

"ቤትማ ማንም ይሠራል" ይላሉ። "ሰው የሚናፍቀው ግን የረገጠውን ነው።"

አፈር ከሱቅ አይገዙም፤ ከራሱ ከቦታው ይዝቃሉ። ድሮ ጣቢያው በነበረበት ባዶ ሜዳ ላይ ተንበርክከው በማንኪያ ሲለቅሙ ያያቸው አዲሱ ፖሊስ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ፣ አባት፣ ምን ጠፋብዎት ብሎ ጠየቃቸው።

"ጣቢያው" አሉት።

አፈሩን በምድጃ ያደርቁታል፣ በሴት ስቶኪንግ ይነፉታል፣ ከዚያ ማግኔት ያሳልፉበታል፤ የብረት ብናኝ ከቀረበት የባቡሩን ሞተር ይበላዋልና። ስቶኪንጉ የባለቤታቸው የማርሊስ ነው። ማርሊስ ካረፉ ወዲህ አቶ ኦርሊን ከማክሰኞ በቀር ከሰው ጋር የሚያወሩ አይመስለኝም። ማክሰኞ ግን የሳምንቱን ወሬ ያወጡታል፤ ስለ ጠጠር ብቻ አንድ ሰዓት መናገር የሚችል ሰው ከሳቸው ሌላ አላየሁም።

አንዴ ጉንፋን ይዟቸው ሲቀሩ ልርዳቸው ብዬ ዋናውን መንገድ በጥቁር ቀለም ቀባሁት። ሲመለሱ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ልቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቆመው አዩት። "አስፋልት ጥቁር የሚሆነው በልጅነቱ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ከዚያ እንደኛው ይሸብታል።" ግራጫ ደረቡበት፣ ስንጥቁን በመርፌ ጫሩት፣ የተደፈነበትን ሬንጅ በእርሳስ አሰመሩ። ይህ ሁሉ ውጭ ያለው በረዶ እስኪቀልጥ ፈጀ።

ባቡሩን እናስነሳ ባልናቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ "መሬቱ ገና ነው።" በዚህ በጣም የሚበግኑት ዴልማር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነተኛውን ባቡር በዚህችው ከተማ ሲነዱ የኖሩ ሰው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዋናውን ሐዲድ ሲዘረጉ እንኳ እንዲህ አልቆዩም" አሏቸው አንድ ቀን።

"እነሱማ አላፊዎች ነበሩ" አሉ አቶ ኦርሊን፣ ሣር በወረንጦ እየተከሉ።

ባለፈው መስከረም ግን ዓይናቸው እየደከመ የመጣው ዴልማር፣ ቀልዳቸውን ትተው፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ባቡሯ አንዴ ስታልፍ ልያት አሉ። አቶ ኦርሊን ወረንጦውን አስቀመጡ።

"እንግዲያው አለቀ" አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ባቡሩ ከጎተራው ሥር ወጣ፣ ዋናውን መንገድ አቋርጦ ጣቢያው ደጃፍ ደረሰ። ዴልማር የሞተሩን ጥሩምባ በአፋቸው ነፉለት። አጨበጨብን፣ የካሮት ኬክ ቆረስን። አቶ ኦርሊን ካፖርታቸውን ለብሰው ጥቂት ሣሩን ሲያዩ ቆዩና ወጡ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም። በሚቀጥለውም። ባቡሩ ዞረ፣ ዞረ፤ ቀና ብሎ የሚያየው ጠፋ። የሚወቅሰን፣ እጃችንን ከሣሩ ላይ የሚያስነሳን ሰው የለም። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የምንመጣው ባቡሩ ሲሄድ ለማየት ሳይሆን እንዳይሄድ ሲከለክሉን ለመስማት ኖሯል። ዴልማር አቶ ኦርሊን ቤት ድረስ ሄደው ለምነዋቸው ነበር፤ ምን ልሥራ ብዬ ልምጣ ብለው መለሷቸው።

"ቤቱ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የተቀመጠው" አሉን ዴልማር።

ይህን ጊዜ ለአቶ ኦርሊን ስልክ ደወልኩ። ሰላምታውን አሳጥሬ፣ በጠረጴዛችን ላይ፣ ከጣውላ መጋዘኑ ጥግ አንድ ነገር ዘለዋል አልኳቸው።

"ምን?"

"የእግር መንገድ። በጥጉ አቋርጦ ጣቢያው የሚያደርስ፣ ሣሩ በሰው እግር ያለቀ።"

"ማን ነበር የሚሄድበት?"

"ሁላችንም። ማርሊስም ጭምር፣ ባቡር ሲመጣ ለማየት።"

ማክሰኞ ከሁላችንም ቀድመው ደርሰው አገኘናቸው። ካፖርታቸው ወንበር ላይ ነው። አጎንብሰው የመጋዘኑን ጥግ ያያሉ፤ እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የቆመ የጣውላ አጥር አለ፣ ድመት የማያሳልፍ። እውነተኛው አጥርም ልክ እንደዚያው ነበር፤ በወጣትነታቸው በምስማር የመቱት ራሳቸው አቶ ኦርሊን ናቸው። በዚያ በኩል አንድም ሰው አልፎ አያውቅም።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴን ወደ ቡናው አዞርኩ።

ወረንጦውን አነሱ፤ ከአጥሩ መሀል ሁለት ጣውላ ቀስ ብለው ነቀሉ። ከዚያ ማዶ ያለውን ሣር፣ አንዲት ሴት በምታልፍበት ስፋት፣ መፋቅ ጀመሩ።

"ይኸኛውስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አሉ ዴልማር፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

"ሰው በእግሩ የሚያወጣው መንገድ" አሉ አቶ ኦርሊን ቀና ሳይሉ፣ "በአንድ ቀን አይወጣም።"