ከቻይና የመጣው የጊዮርጊስ ጥላ

ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ለማንም ሳይናገር ቢሄድ ይሻለዋል። ከተናገረ አንዱ ጫማ፣ አንዱ መነጽር፣ አንዷ የስፌት መኪና መርፌ ታዝዘዋለች። የእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። እኔን ያዘዘኝ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ሞጣ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ለእደ ጥበብ ሥልጠና ቻይና ትሄዳላችሁ ተብለን እኔና የልብስ ስፌት የሚያስተምረው ጓደኛዬ ሰይድ ተመረጥን። ወላጆቼን ልሰናበት ቢቸና ብሄድ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ መርጌታ ወሬውን ቀድመው ሰምተው ጠበቁኝ። የደብራችንን የቅዱስ ጊዮርጊስን ጥላ ባለፈው ጥምቀት ነፋስ ገልብጦ አጥንቱን ሰባብሮታል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ጥላ ሁሉ ከቻይና አይደል የሚመጣው፣ አንተ ከምንጩ ታመጣልናለህ አሉኝ። እሺ አልኩ። መርጌታን እምቢ የሚል አንደበት አልተፈጠረልኝም። ማግስቱ እሑድ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አስነገሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ያ እልልታ ቻይና ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። ባዶ እጄን ብመለስ ቢቸና በየት በኩል ልገባ ነው?

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል የጥንት የእጅ ሥራቸውን ወደሚያሳዩበት አንድ ትልቅ መናፈሻ ወሰዱን። መናፈሻ ይበሉት እንጂ ራሱን የቻለ መንደር ነው። በየቤቱ ደጃፍ ባለሙያ ተቀምጧል፤ አንዱ ሸክላ ያሽከረክራል፣ አንዷ ቀይ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ወፍ ታወጣለች፣ ሌላው ሐር ይፈትላል። እኛ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ስንት ስም እየሰጠን የኖርን ሰዎች ነን፤ እዚያ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ያያቸዋል። ትንሽ አፈርኩ። ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም። ዓይኔ ጥላ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ አንዱን የሸክላ ዕቃ በክርኔ ነክቼ ብሰብርስ ብዬ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ። ሰይድ እስረኛ መሰልክ እያለ ይስቅብኛል።

በመጨረሻ የጥላ ሠሪው ቤት ደረስን። ሽማግሌ ናቸው። ቀርከሃውን እንደ ስንደዶ አቅጥነው ይሰነጥቁታል፤ ላዩ ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይወጥሩበታል። ምንም ያልተሳለበት ቀይ ጥላ መረጥኩ። ተገላገልኩ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አስተርጓሚያችን ሊን ለምን እንደምፈልገው ብትጠይቀኝ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ፣ ለበዓል የሚወጣ ነው አልኳት። ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጥላውን ከእጄ ወሰዱና የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሊንም ዝናብ የሚያመጣ፣ በረከት የሚያወርድ ነገር ልሳልልህ ይላሉ አለችኝ። ዝናብና በረከት ሲባል አልፈልግም የሚል የጎጃም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴታ! አልኩ።

ብሩሻቸውን ነክረው ጀመሩ። መጀመሪያ የሚጠማዘዝ ነገር ወጣ። የብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግ መሰለኝና ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሐረጉ ቅርፊት አወጣ። ይሁን፣ ዓሣ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ጥፍር መጣ። ጥፍር ያለው ዓሣ የት አለ? ጀርባዬን ላብ ያጠምቀው ጀመር። ቀንድ ወጣ፣ ጢም ወጣ፣ በመጨረሻም ዓይኑን ነጥብ አድርገው ሲጨርሱ ቁልጭ ብሎ አየኝ። ዘንዶ!

ሰዉ አጨበጨበ። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ የእኛን በዓል ግን ሞጣ ውስጥ ሲያይ ነው ያደገው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋው ይሄንን አይደለም እንዴ? አለኝ። ነው። ራሱ ነው። ለሰማዕቱ ጠላቱን አሸክመው ሊሰዱኝ ነው! ለሌላ ደብር ብሰጠውስ ብዬ አሰብኩ፤ ሚካኤል የሚረግጠውም ያው የዚሁ ወገን ነው። ሽማግሌው ደግሞ ጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ዘረጉልኝ። ይህን ሰው እንዴት አድርጌ ላሳዝን? እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

ቢቸና ስደርስ ጥላውን በአንሶላ ጠቅልዬ መርጌታ ቤት ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ደጃፉ ላይ ጠፋኝ። መርጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሰዎቹ ለክብር ብለው ነው፣ በእነሱ አገር ይሄ ነገር መልካም ነው እያልኩ ስንተባተብ፣ እሳቸው አንሶላውን ገልጠው ዘረጉት። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ ዞሩት።

ከዚያ ቀና ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ያንተባትብሃል? ሠዓሊው ጎበዝ ነው። ዘንዶውን ጨርሶታል፤ የቀረው ፈረሱና ፈረሰኛው ነው» አሉኝ።

ከመርጡለ ማርያም ሠዓሊ ተጠራ። ነጭ ፈረስ ሳለ፣ ሰማዕቱን አስቀመጠበት፣ ጦሩንም ዘንዶው ጉሮሮ ውስጥ ሰካ። ደሙ በቀዩ ወረቀት ላይ አልታይ ስላለው ዙሪያውን በጥቁር ከበበው። የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ጥላው ሲወጣ እልልታው እንደገና ቀለጠ። ታቦቱ ሳይገባ ዝናብ ጣለ፤ ወረቀቱ ጠብታ አላስገባም። ሕዝቡ ሁሉ ሰማዕቱን አመሰገነ። እኔም አመሰገንኩ፤ ሽማግሌው ስለ ዝናብ ያሉትን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚህ በኋላ በሰላም እኖራለሁ ብዬ ነበር። ሊን ኢሜይል ጻፈችልኝ። ሽማግሌው ዘንዶአቸው በዓሉ ላይ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ ይፈልጋሉ፤ መናፈሻው ውስጥ ደጃፋቸው ላይ ሊሰቅሉት ነው። እንባ አቅርረው የሳሉትን፣ ጉሮሮው ተወግቶ፣ ደሙ ፈሶ እንዴት አድርጌ ልላክላቸው? ሰይድን ባማክረው እስኪበቃው ስቆብኝ ሲያበቃ፣ ከሥር አንሣው አለኝ። በወሩ ጊዮርጊስ ጥላው ሲወጣ ከሥር አነሣሁት። የሚታየው ቀርከሃው፣ ቀዩ ወረቀትና የዲያቆኑ እጅ ብቻ ነው። ላክሁና ተነፈስኩ።

መልሱ ወዲያው መጣ። ሽማግሌው በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ ዘንዶው ባይታይም አይጨነቅ ብለዋል። የወንድማቸው ልጅ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መንገድ ይሠራል፤ ለመጪው በዓል እሱ ራሱ መጥቶ ከላይ ያነሣላቸዋል። የት እንደሚሠራ ጠየቅኳት። የእኛን መንገድ ነው የሚሠራው፤ ቢቸና ሊደርስ ምንም አልቀረውም።