ለጎረቤት መልስ የሚሆን ቡችላ

የአቶ ቻላቸው ቤተሰብ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የደብረ ዘይት ዕለት
ቦታ፦ ደባርቅ፣ የአቶ ቻላቸው ቤት በረንዳ
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. አቶ ቻላቸው፦ አባወራ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የዚህም ስብሰባ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ በለጠች፦ ባለቤታቸው፣ አባል
3. አያ ላቀው፦ የሰብሳቢው ታላቅ ወንድም፣ ቡችላውን ከደረስጌ በዘንቢል ይዘው ዛሬ ጠዋት የገቡ
4. አቶ ሙሌ፦ ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌር (ሁለት ጊዜ ተቀስቅሶ የተገኘ)
5. እስከዳር፦ ልጅ፣ ጸሐፊ። በመሥሪያ ቤትም ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ስለሆነች እሑዷን እንደማታርፍ ያወቀችው ዛሬ ነው።
ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ቡችላው

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሰብሳቢው የግቢውን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ስለከተቱ ተሟልቷል።

የስብሰባው መነሻ

ሰብሳቢው የጉዳዩን አመጣጥ አስረድተዋል። አጥር የምንጋራቸው ወ/ሮ ብርሃኔ ባለፈው ሐምሌ ቤታቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ሲያስከድኑ የጣሪያቸው አሸንዳ ወደ እኛ ግቢ ዞረ። በዘነበ ቁጥር ጓሯችን ኩሬ ሆነ። ሰብሳቢው ይህን ለጎረቤት በር አንኳኩቶ መንገር ሥርዓት ስላልመሰላቸው፣ በእድር ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዘው በሰው ፊት አቀረቡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወ/ሮ ብርሃኔ ደጃችንን አልረገጡም። በምትኩ ውሻ አመጡና ስሙን "ሰው ታዘብኩ" አሉት። በየማታው ራት ሲሰጡት አጥሩ ሥር ቆመው፣ "ሰው ታዘብኩ፣ ሰው ታዘብኩ፣ ና ብላ" እያሉ ይጣራሉ። ውሻው አጠገባቸው ቆሞ እያያቸውም ይጣራሉ።

በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም እንደሚወጣ ሁሉም አባል ስለሚያውቅ ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሰብሳቢው ይህን ያህል ጊዜ ያለ መልስ መቀመጣችን ቤተሰቡን እንደሚያስንቅ ገልጸው፣ ቡችላውን ከወንድማቸው ያስመጡት መልስ እንዲሆን ነው ብለዋል።

ጸሐፊዋ ለመዝገቡ ያህል የምታክለው፣ ወ/ሮ በለጠችና ወ/ሮ ብርሃኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዷ ያለ ሌላዋ ወፍጮ ቤት ሄደው እንደማያውቁ ነው። አሁን እናታችን ብቻዋን ትሄዳለች፤ ስትመለስም ወሬ የላትም። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው፣ ይሰረዝ ብለዋል። አልተሰረዘም።

አጀንዳ አንድ፦ ቡችላውን ስለመቀበል

አያ ላቀው የቡችላ ጀግንነት የሚታወቀው በማጅራቱ ተንጠልጥሎ እንደሆነ፣ ካላለቀሰ ጀግና እንደሚሆን አስረድተው ቡችላውን ከዘንቢሉ አውጥተው አንጠለጠሉት። ቡችላው አላለቀሰም። እንቅልፍ ወሰደው።

ሰብሳቢው ተንጠልጥሎ መተኛት ጀግንነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ አንሥተዋል። አያ ላቀው ሲመልሱ፣ "አንተስ ብትሆን ስትወለድ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይንህን አልገለጥክም ነበር። ማን አንጠልጥሎ ጣለህ?" ብለዋል። ሰብሳቢው የግል ጉዳይ እንዳይነሣ አሳስበዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ቡችላው የቤተሰቡ አባል እንዲሆን ተወስኗል። ሰብሳቢው ለአዲሱ አባል ስለ ታማኝነትና ስለ ሰዓት አክባሪነት የእንኳን ደህና መጣህ ንግግር ጀምረው ነበር። በግራ ጫማቸው ላይ በደረሰ እርጥበት ምክንያት ንግግሩ ተቋርጧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ማደሪያውን በተመለከተ

ሰብሳቢው ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት እንደማያድር፣ አባታቸውም አያታቸውም ውሻ ቤት አስገብተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ወ/ሮ በለጠች የደባርቅ ውርጭ የሰው ጆሮ የሚቆርጥ ሆኖ ሳለ ጥርስ ያላበቀለ ቡችላ ደጅ አሳድሮ ጠዋት ምን እንደሚገኝ ጠይቀዋል። አቶ ሙሌ ባጃጁ ውስጥ ይደር ብሎ ነበር፤ ጠዋት ወንበሩን ማን ያጥባል ሲባል ሐሳቡን አንሥቷል።

በአብላጫ ድምፅ ደጅ እንዲያድር ተወስኗል። ውሳኔው ሲነበብ ቡችላው በወ/ሮ በለጠች ነጠላ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ነበር።

አጀንዳ ሦስት፦ ቡችላው ይጾማል ወይስ አይጾምም?

ይህ አጀንዳ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዷል። አቶ ሙሌ ወደ ስሜን ተራራ የሚሄዱ ፈረንጆችን ሆቴል ድረስ እንደሚያመላልስ፣ ፈረንጅ ስለማይጾም በሆቴሉ ጓሮ አጥንት እንደማይጠፋ ገልጾ በየቀኑ ለማምጣት ፈቃደኛ መሆኑን አስታውቋል። ሰብሳቢው በሁዳዴ አጥንት እያንጠለጠልን ስንገባ ወ/ሮ ብርሃኔ ቢያዩ ለውሻቸው ሌላ ስም ያወጡልናል በማለት ተቃውመዋል።

አያ ላቀው፣ "ውሻ ኩነኔ የለው፣ ጽድቅ የለው። ምኑን ነው የሚጾመው? ግን በሁዳዴ አጥንት ፍለጋ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ያለውን ስጡት" ብለዋል።

ቡችላው እንደ ማንኛውም የቤቱ ሰው ከወተትና ከሥጋ ተከልክሎ ሽሮ ፍትፍት እንዲበላ ተወስኗል። ወዲያው ግን አፉ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ተገኘ። ወ/ሮ በለጠች ከጠዋት ጀምሮ ወተት ሲሰጡት እንደነበር አምነው፣ ውሳኔው ስላልደረሳቸው ጥፋት እንደማይሆን ተከራክረዋል። ከውሳኔው በፊት የጠጣው ይቅር ተብሎለታል። የማብላቱ ኃላፊነት ለማን ይሰጥ ሲባል ሰብሳቢው የእድር ሥራ፣ አቶ ሙሌ የባጃጅ ሥራ፣ ጸሐፊዋም የቢሮ ሥራ እንዳለባቸው ስለገለጹ ለወ/ሮ በለጠች ተሰጥቷል። ወ/ሮ በለጠችን ሥራ አለብዎት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

አጀንዳ አራት፦ ስም

ሰብሳቢው አስበውበት የመጡትን "ጉዳዩ በሕግ ይታያል" የሚለውን ስም አቅርበዋል። አያ ላቀው ይህ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ሌባው ዕቃውን ጭኖ ዳባት ይደርሳል ብለዋል። ሰብሳቢው "በሕግ" ተብሎ ሊያጥር እንደሚችል ቢያስረዱም ደጋፊ አላገኙም።

አቶ ሙሌ "ብሎክ አርጌሻለሁ" ይባል ብሏል። ወ/ሮ ብርሃኔ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ መልእክቱ አይደርሳቸውም ተብሎ ወድቋል።

አያ ላቀው "ዝም አይነቅዝም" የሚለውን የቆየ ስም አቅርበው፣ አባታቸው በዚህ ስም የተጠራ ውሻ እንደነበራቸውና ከሦስት ጎረቤት ጋር እንዳኮራረፋቸው መስክረዋል። ጸሐፊዋ ዝም ማለታችንን በየማታው እየጮኽን ልንናገር ነው ወይ ብላ ጠይቃለች። ስሙ በዚሁ ወድቋል።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ በለጠች ተነሥተው የሚከተለውን ተናግረዋል። ጸሐፊዋ ቃል በቃል ይዛዋለች። "ውሻ ደህና ከተያዘ አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይኖራል። ስም ከወጣለት በኋላ ደግሞ አይመለስም። በየማታው ልትጠሩት ነው? እንግዲያው እኔ ከብርሃኔ ጋር የምኳረፈው ይህ ውሻ እስኪሞት ነው ማለት ነው። እኔ ይህን አልችልም። ያለ እሷ ከአሁኑም ቀኑ ጨልሞብኛል።"

ሰብሳቢው ኩርፊያው በአጀንዳ ያልተያዘ መሆኑን አስታውሰው ወደ ድምፅ አሰጣጥ አልፈዋል። አጭርም ግልጽም ነው የተባለው "ማን ፈራሽ" የሚለው ስም ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ጸድቋል። የተቃወሙት ወ/ሮ በለጠችና ጸሐፊዋ ናቸው። አያ ላቀው የደገፉት ስሙን ወደው ሳይሆን ጀርባቸውን ስላመማቸው መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

አጀንዳ አምስት፦ የሙከራ ጥሪ

ስሙ ዛሬውኑ ሥራ ላይ እንዲውል ታዟል። ጠሪዋ፣ ማብላት የእርሳቸው ድርሻ ስለሆነ፣ ወ/ሮ በለጠች ሆኑ። ወ/ሮ ብርሃኔ ያን ሰዓት በግቢያቸው ልብስ ከገመድ ላይ እያነሡ እንደነበር አቶ ሙሌ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ አረጋግጧል። ቀሪው ጉባኤ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ወ/ሮ በለጠች ሳህኑን ይዘው አጥሩ ሥር ሄደው ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ሰብሳቢው፣ "ጥሪው ይቀጥል" ሲሉ ከኋላ አሳሰቡ።

ወ/ሮ በለጠችም፣ "ምነው ቀረሽ፣ ና ብላ" ብለው ተጣሩ።

ሰብሳቢው ይህ የጸደቀው ስም እንዳልሆነ በመግለጽ እርማት እንዲደረግ ጠይቀዋል። ወ/ሮ በለጠች እርማቱን ተቀብለው ድጋሚ ተጣርተዋል። በዚህ ጊዜ "ና ብላ" የሚለውን ትተው፣ "ምነው ቀረሽ" ብቻ አሉ። ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። ቡችላው ከመጀመሪያው ጀምሮ እግራቸው ሥር ስለነበር የሚሄድበት አልነበረውም።

በወዲያ በኩል የገመዱ ልብስ መነሣቱን አቆመ። ትንሽ ቆይቶ የወ/ሮ ብርሃኔ በር ሲከፈት፣ ቀጥሎም የእኛ በር ሲንኳኳ ተሰማ። ሰብሳቢው በስብሰባ መሐል በር ለመክፈት ውሳኔ ያስፈልጋል ብለው ገና ሲያስረዱ፣ ቁልፉ በባለቤታቸው አማካይነት ከኪሳቸው ወጥቷል።

ወ/ሮ ብርሃኔ ያልታጠፈ አንሶላ በክንዳቸው እንደያዙ ገብተው ቆሙ። "እኔን ነው የጠራሽው ወይስ ውሻሽን?" ሲሉ ጠየቁ።

"ውሻውማ እዚሁ አለልሽ" ሲሉ ወ/ሮ በለጠች መለሱ።

ወ/ሮ ብርሃኔ ሰብሳቢው በሰው ፊት ቢናገሯቸው ጠባያቸውን አገር ስለሚያውቀው እንዳልከፋቸው ገለጹ። "እኔን ያንገበገበኝ አንቺ ነሽ። እዚያው እድሩ ላይ ተቀምጠሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሃያ ዓመት አንድ ቃል አያወጣም?" አሉ።

ወ/ሮ በለጠችም እንዲህ አሉ፦ "እጄን አውጥቼ ነበር። እስኪዝል ድረስ አውጥቼ ነበር፣ ብርሃኔ። ዕድል ሳይሰጠኝ ስብሰባው ተዘጋ።"

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ አልቅሳለች። ይህ በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ሰብሳቢው በዚያ ቀን በሴቶቹ በኩል አንድ እጅ ማየታቸውን አስታውሰው፣ "ነጠላዋን የምታስተካክል መስሎኝ ነበር" ብለዋል። አያ ላቀው ወንድማቸውን፣ "ለዚህ ነው ከደረስጌ ድረስ ቡችላ ያሸከምከኝ?" ሲሉ ጠይቀዋል።

ስለ አሸንዳው ሲነሣ ወ/ሮ ብርሃኔ ከመስቀል በፊት ወደ መንገዱ እንዳዞሩት አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ስላልጣለ በእኛ በኩል ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሰብሳቢው በጓሮ በኩል ሄደው ጣሪያውን አይተው ተመለሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሁለቱ ሴቶች አንሶላውን በዚህና በዚያ ጫፍ ይዘው እያጠፉ ወደ ቤት ገቡ። ምን እንደተባባሉ አልተመዘገበም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገሩ ስለነበር ለመመዝገብም አይመችም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ሳይጨርሱ፣ ወንዶቹ ርቧቸው ተዘግቷል። ከመዘጋቱ በፊት ግን ቡችላውን ከመቀበል በቀር በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ተደርጓል። በዚህም መሠረት ቡችላው ቤት ውስጥ ያድራል። ወተቱን ይጠጣል፤ ቀሳውስት ከጠየቁ አያ ላቀው ይመልሳሉ። "ማን ፈራሽ" የሚለው ስም ቀርቷል። "ምነው ቀረሽ" እንዳይባል ደግሞ የተጠሩት መጥተዋል። ስለዚህ ውሻው ለጊዜው ስም የለውም፤ ወ/ሮ ብርሃኔ ነገ ከወፍጮ ቤት መልስ ከወ/ሮ በለጠች ጋር ያወጡለታል። የራሳቸውን ውሻ ስም ግን ውሻው ስለለመደው መቀየር እንደማይችሉ፣ ከእንግዲህ በቀስታ እንደሚጠሩት ቃል ገብተዋል።

በመጨረሻም ሰብሳቢው ራሳቸው ተነሥተው አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ አስደግማቸዋለች። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ ለመናገር እጅ ማውጣት እንዲቀር ጠይቀዋል።

ይህ ውሳኔ አንድም እጅ ሳይወጣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።