ሲ ዙሄር፣ የስንኝ ወጌሻ

አምስት ግጥም ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንደኛው ወጌሻ ነው። የስንኝህን አጥንት ይዳስስና «እዚህ ጋ ተሰብሯል» ይልሃል፤ ከመጮህህ በፊትም ይጠመዝዘዋል። ይህን የምለው በልበ ሙሉነት ነው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ገጣሚ ሆኛለሁና። ገጣሚ! ስጽፈው ራሱ ያስቀኛል።

የእኛ ወጌሻ ክቡር ሲ ዙሄር ናቸው («ሲ» እኛ ዘንድ «አቶ» እንደማለት ነው)፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም። ከሁለት አስተማሪ ጓደኞቻችን ጋር አምስት ሆነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባብ ሱይቃ ሰፈር፣ ከገጣሚዋ ከሲሄም የፎቶ ፍሬም ሱቅ ጓዳ እንገናኛለን። ሲሄም የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ታወርደዋለች። ወንድ ለወንድ የጻፈው፣ ሴት ለሴት የጻፈችው ግጥም ቱኒስ ውስጥ በር ተከፍቶ አይነበብማ። ሲ ዙሄር ምቱን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ይቆጥራሉ። ራሳቸው አንዲት ስንኝ ጽፈው አያውቁም።

ስለ አንድ ዓሣ ሻጭ ማጅራት የጻፍኩትን አንድ ቅዳሜ አነበብኩ። ወንድ እንደምወድ ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሦስተኛው ስንኝ ያነክሳል» አሉ ሲ ዙሄር።

«ሲ ዙሄር፣ እኔ እኮ የሆዴን ነው ያወጣሁት!»

«ሰምቼሃለሁ ወንድሜ። ፍቅርህ ጤነኛ ነው። የታመመው ስንኝህ ነው።»

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። እስከዚያ ቀን ፍቅሬን ጤነኛ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሲሄምን ደግሞ አንድ ቀን «ግጥምሽ ውስጥ፣ በዚህች ሴትዮ ላይ ከንፈር ለምን ሁለት ጊዜ መጣ?» ብለው ያዟት።

«ሁለት ከንፈር ስላላት ነዋ!»

«አንዱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስቀምጪው» አሏት፤ ፈገግም አላሉ።

ሲ ዙሄር ታይብ ከሚባል ሰው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። የታይብ ዘመዶች «ተከራዩ» ይሏቸዋል። ለዒድ ሥጋ ሲልኩ እንኳ «ለተከራዩም ይድረሰው» ይሉ ነበር። መጋቢት ላይ ታይብ ሞተ።

እኛ ዘንድ ከቀብር በኋላ የሟች ወንድ ዘመዶች የመቃብር ቦታው በር ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ቀባሪው እጃቸውን እየጨበጠ ያልፋል። ሲ ዙሄር፣ እግራቸው ወስዷቸው፣ ከታይብ ወንድም ከፈትሒ ጎን ሄደው ቆሙ። ፈትሒ ክፉ ሰው አይደለም። ክንዳቸውን በቀስታ ይዞ፣ «ሲ ዙሄር፣ እዚህ የቤተሰብ ነው፤ ወዲያ ይሻልዎታል» አላቸው።

ወዲያ፣ እኛ ወዳለንበት መጡ። ከእኛ ጋር ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ የፈትሒን እጅ ጨብጠው «አላህ ያጽናህ» አሉት። ለእሳቸው ግን ማንም አላለም።

ሦስት ቅዳሜ ቀሩ። በአራተኛው አንዲት ወረቀት ለአራት አጥፈው መጡ። እያየናቸው ገለጧት፤ የራሳቸው ግጥም ነበር።

«ጫማህ በሩ ላይ ነው፣ ኮትህ መስቀያው ላይ፤
ተከራይህ ነኝና፣ ቤቱን ለማን ላቆይ?»

ቀጣዩ ስንኝ ላይ ምቱ ጠፋባቸው። ጣታቸው አየር ላይ ቀረች። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጠፋ።

«ይሄን ማቃናት አቃተኝ» አሉ።

«ይቅር፣ ሲ ዙሄር» አለች ሲሄም። «እንዲሁ ደስ ይላል።»

ከዚያ ተነሣች። ትከሻቸውን ይዛ ወሰደችና የጓዳው በር ላይ አቆመቻቸው፤ ባዶ ፍሬሞቹ በተደገፉበት። ራሷም ፊት ለፊታቸው ቆማ እጇን ዘረጋች።

«አላህ ያጽናዎት።»

ምን እየሆነ እንደሆነ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ተከተልኩ። ከእኔ በኋላ ሁለቱ አስተማሪ ጓደኞቻችን። ግን አራት ሰው ምን ሰልፍ ይሆናል? ሲሄም ዞራ ከኋላ ተሰለፈች። እኛም እየዞርን ተሰለፍን፤ እየጨበጥን፣ እየዞርን፣ እየጨበጥን። ሁላችንንም፣ በእያንዳንዱ ዙር፣ በአዲስ ሐዘንተኛ ወግ «አሜን፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» እያሉ ተቀበሉን።

በአምስተኛው ዙር እጄን አልለቅ አሉኝ። ጎንበስ አልኩ።

«አየህ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ስንት ሰው ነው የመጣለት።»